በፓይተን ዳታን ፋይል ላይ ማስቀመጥ፦ የባቲ ገበያ ምሳሌ

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሠራነው ዳታ ፋይል ላይ ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። የፋይሉ ዓይነት ግን ብዙ ነው። ምርጫውን የሚወስነው ፋይሉን ቀጥሎ የሚከፍተው ማን እንደሆነ ነው።

ለምሳሌ አንድ የደሴ ተማሪ የባቲን የሰኞ ገበያ ዋጋ እየመዘገበ ነው እንበል፦ ፍየል፣ ግመል፣ ማሽላ።

መጀመሪያ የሚመጣለት ሲኤስቪ ነው፤ ዳታውን በረድፍ በረድፍ፣ በኮማ እየለየ የሚያስቀምጥ ፋይል። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የትም ይከፈታል። ጣጣው ፊደላችን ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዩኒኮድን ፋይል ላይ በሚጽፈው በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ፓይተን ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ስልት) ካልተነገረው የቆየውን የላቲን ኮድ ይወስድና «ማሽላ» ላይ ሲደርስ ስህተት ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ዩቲኤፍ 8 ብሎ በግልጽ መጻፍ ግድ ነው። ፋይሉ በኤክሴል የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ መለያ ምልክት የሚያስገባው ዩቲኤፍ 8 ይሻላል፤ አለዚያ አማርኛው ተበለሻሽቶ ሊታይ ይችላል።

ኤክሴል ሲኤስቪ ሲከፍት ሌላም ነገር ያደርጋል። በ09 የሚጀምር የነጋዴ ስልክ ዜሮው ይቆረጣል። ቀኑም ያስቸግራል። ፓይተን የሚያውቀው የፈረንጆቹን ካላንደር ብቻ ስለሆነ 13ኛ ወር ሲሰጠው አይቀበልም። ጳጉሜን 3 የተመዘገበ ዋጋ ቀኑ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ፣ ወይም አስቀድሞ ይቀየር። ይህን ቸል ማለት የዓመቱን መጨረሻ ገበያ ያሳጣል።

ሌላው የጽሑፍ ፋይል ዓይነት ጄሰን ነው፤ ዳታውን በስምና በዋጋ እያጣመረ ስለሚጽፍ ለዌብሳይትና ለሞባይል አፕ ይመቻል። ፓይተን ግን ካልከለከሉት «ባቲ»ን 1263 እና 1272 በሚሉ ኮዶች ይጽፈዋል። ዳታው አይጠፋም፣ ሰው ግን አያነበውም። አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት) ብቻ ይሁን የሚለውን ምርጫ ማጥፋት ይበቃል።

ለቢሮ ሰው የኤክሴሉ ፋይል ራሱ ይሰጠው። ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን የሰንጠረዥ መሣሪያ አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ስልኩም እንደ ጽሑፍ ከተያዘ ዜሮው አይነካም። አንዱ ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይችልም፤ ለአንድ ገበያ ግን ይተርፋል። ዳታው በጣም ሲበዛ ፓርኬ የሚባል የፋይል ዓይነት አለ፤ በዓምድ አደራጅቶ ስለሚያጭቅ ቦታ ይቆጥባል።

የፓይተን የራሱ የፋይል ዓይነት የሆነው ፒክል ከፓይተን ውጭ ብዙም አይጠቅምም። ከማያውቁት ሰው የመጣ ፒክል ፈጽሞ አይከፈት፤ ሲከፈት የተደበቀ ኮድ ሊያስኬድ ይችላል።