ከ«ጄን ኤር» ቀጥሎ ምን ይነበብ? ስለ ቪክቶሪያ ዘመን ልብ ወለዶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» ወይም የቻርልስ ዲክንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ጨርሶ «አሁንስ የቱን ልያዝ?» የሚል አንባቢ ምክር አያጣም። ችግሩ ምክሩ ብዙ ጊዜ መጻሕፍቱን ካላነበበ ሰው የሚመጣ መሆኑ ነው። እየተደጋገሙ የሚነገሩ ጥቂት ሐሳቦች አንባቢን ለእሱ ወደማይሆን መጽሐፍ ይመሩታል፤ ሊወደው ከሚችለው ደግሞ ያርቁታል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጄን ኦስተን የቪክቶሪያ ዘመን ደራሲ ናት»

አይደለችም። ንግሥት ቪክቶሪያ በዙፋን ላይ የቆየችው ከ1837 እስከ 1901 ሲሆን ኦስተን ያረፈችው በ1817 ነው፤ ያኔ ንግሥቲቱ ገና አልተወለደችም። ልዩነቱ ደግሞ የዘመን ቁጥር ብቻ አይደለም። ኦስተንን ወድዶ ያንኑ የሳሎን ጨዋታና የጋብቻ ጉዳይ ፍለጋ ወደ ዲክንስ የሚሄድ ሰው ፋብሪካ፣ የባለ ዕዳ እስር ቤትና ወላጅ አልባ ሕፃናት ይጠብቁታል። ለኦስተን ወዳጅ የሚቀርበው የኤልዛቤት ጋስኬል «ዋይቭስ ኤንድ ዶተርስ» ነው። ደራሲዋ ሳትጨርሰው በ1865 ብታርፍም የጎደለው ጥቂት ነው። ሌላው አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። «ባርቼስተር ታወርስ» (1857) በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ በሹመት ምክንያት የሚነሣውን ሽኩቻ ይተርካል፤ የቤተ ክህነት ወሬ እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«ዲክንስ የሚያስረዝመው በቃል ቁጥር ስለሚከፈለው ነው»

ይህ በብዙዎች ዘንድ የታመነ ሐሰት ነው። አብዛኞቹ ረጃጅም ልብ ወለዶቹ በየወሩ በቀጫጭን ጥራዝ የሚወጡ ነበሩ። እያንዳንዱ ጥራዝ 32 ገጽ፣ ዋጋውም 1 ሽልንግ። አንዱ ልብ ወለድ 20 ክፍል ሲኖረው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አብረው ስለሚወጡ 19 ወር ይፈጃል። የገጹ ብዛት አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ ቃል ቢያበዛ የሚጨመርለት ገንዘብ የለም።

የአጻጻፉ ጠባይ የመጣው ከዚህ አወጣጥ ነው። አንባቢው አንድን ገጸ ባሕርይ ከወር በኋላ እንዲያስታውሰው ልዩ አነጋገር ወይም ልማድ ይሰጠዋል፤ ክፍሉም ልብ በሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ይቆማል። በየቤቱ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ቤተሰቡ ያዳምጥ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ የተከታተለ ትውልድ ይህን ቀጣዩን ክፍል የመጠበቅ ጣዕም ያውቀዋል። ስለዚህ «ብሊክ ሃውስ»ን (1852–53) በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አትታገሉ። ሦስት አራት ምዕራፍ አንብቡና ለቀናት አስቀምጡት፤ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነት ንባብ ነው።

«ሁሉም ወፋፍራም ናቸው»

የስቲቨንሰን «ዶክተር ጄኪል ኤንድ ሚስተር ሃይድ» (1886) በአንድ ምሽት ያልቃል። የኤች ጂ ዌልስ «ዘ ታይም ማሺን» (1895) እና የጆርጅ ኤልየት «ሳይላስ ማርነር» (1861)ም አጫጭር ናቸው።

«ውዘሪንግ ሃይትስ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ከጄን ኤር ቀጥሎ እሱን ያዙ»

ሁለቱ በ1847 መገባደጃ ላይ በሁለት ወር ልዩነት መታተማቸውና ደራሲዎቹ ሻርሎትና ኤሚሊ ብሮንቴ እኅትማማቾች መሆናቸው ነው ይህን ምክር ያመጣው። ነገር ግን በኤሚሊ መጽሐፍ ውስጥ ተፈቃሪዋ ካትሪን የምትሞተው ገና ግማሹ ላይ ነው። የቀረው አፍቃሪዋ ሂትክሊፍ በጠላቶቹ ልጆች ላይ የሚወጣው በቀል ነው። ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ የፍቅር ታሪክ ብሎ የጀመረው ሰው ግን ግራ ተጋብቶ ይተወዋል።

ለጄን ኤር ወዳጅ እኔ የምሰጠው የታናሽየዋን የአንን «ዘ ቴናንት ኦፍ ዋይልድፌል ሆል» (1848) ነው። አንዲት ሴት ከሰካራም ባሏ ልጇን ይዛ ትሸሻለች፤ ሥዕል እየሸጠችም ትኖራለች። ያገባች ሴት ንብረቷም ልጇም በሕግ የባል በነበረበት ዘመን እንዲህ መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነበር። አን በ1849 ስትሞት እኅቷ ሻርሎት መጽሐፉ እንደገና እንዲታተም አልፈቀደችም፤ አን «ሦስተኛዋ እኅት» ብቻ ሆና እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል። ዛሬ ያንን ማቃናት የአንባቢ ፋንታ ነው።

«የዘመኑ ምርጥ ሚድልማርች ነውና ከእሱ ይጀመር»

የጆርጅ ኤልየትን «ሚድልማርች» ምርጥነት አልክድም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዎልፍ ለአዋቂዎች ከተጻፉ ጥቂት የእንግሊዝ ልብ ወለዶች አንዱ ብላዋለች። ነገር ግን ዋና ጉዳዩ ከሠርጉ በኋላ የሚመጣው ኑሮ፣ የባከነ ተስፋና የአንድ ከተማ የዕለት ውሎ ነው። ከ«ሳይላስ ማርነር» በኋላ ቢመጣ አንባቢው የኤልየትን እርጋታ ለምዶት ይገባበታል።

«ከእኛ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። «ጄን ኤር» ውስጥ ጄን ከሄለን በርንስ ጋር ስትተዋወቅ ሄለን በእጇ የያዘችው መጽሐፍ የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» ነው። የ1759 ሥራ ሲሆን በአማራ መንግሥት ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚያድግ የሐበሻ ልዑል የሚተርክ ነው። በጋስኬል «ክራንፎርድ» ውስጥም ወይዘሪት ጄንኪንስ ይህንኑ መጽሐፍ ከዲክንስ አስበልጣ ትከራከራለች።

«ብሊክ ሃውስ» ውስጥ ወይዘሮ ጄሊቢ አለች። በኒጀር ወንዝ ዳር ላሉ ሰዎች ቡና ማልማትና ትምህርት ማስፋፋት በሚል ዓላማ ቀን ከሌት ደብዳቤ ትጽፋለች፤ የገዛ ልጆቿ ግን ራባቸው፣ ቆሸሹ፣ ወደቁ አትልም። ዲክንስ አጠገቡ ያለውን ችግረኛ ረግጦ ሩቅ ላለው የሚቆረቆርን ሰው እንዲህ አድርጎ የሣለው ከ170 ዓመት በፊት ነው። የእርዳታን ነገር ከሚቀበለው ወገን ሆኖ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ክፍል ከእንግሊዛዊው የበለጠ የሚያየው አለ።

ከሁሉም የሚደንቀኝ የዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሙንስቶን» ነው። አንድ እንግሊዛዊ መኮንን በ1799 በሕንድ በሴሪንጋፓታም ዘረፋ ወቅት ሰው ገድሎ የወሰደው የተቀደሰ አልማዝ በእንግሊዝ ገጠር የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብን ቤት ሲያምስ ያሳያል። በተከታታይ የወጣው ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት 1868 ነው። የናፒየር ጦር መቅደላን የያዘው፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን የሠዉት በዚያው ዓመት አፕሪል 13 ነበር። ለንደን ይህን ልብ ወለድ በየሳምንቱ እየጠበቀች ስታነብ ታቦታቱና የብራና መጻሕፍቱ በዝሆን ተጭነው ከመቅደላ ይወርዱ ነበር፤ ልዑል ዓለማየሁም በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ኮሊንስ ስለ መቅደላ አልጻፈም። አልማዙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አለ። የወንጀል ምርመራ ታሪክ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀጣይ መጽሐፍ አላውቅም።

«ኦሊቨር ትዊስትን በትምህርት ቤት አንብቤዋለሁ»

በትምህርት ቤት የሚገኙት ቀጫጭን መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ በቀላል እንግሊዝኛ ተጨምቀው የተዘጋጁ ናቸው። ታሪኩ አለ፣ የደራሲው ድምፅ የለም። ሙሉውን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም፤ የደራሲዎቹ መብት ጊዜው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይሰጣል። ከመጽሐፍ መደብር ስትገዙ ግን ሽፋኑ ላይ ወይም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አጥሮ የተዘጋጀ መሆኑን የሚገልጽ ቃል መኖር አለመኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።