ስለ እንግሊዞች የምናምነው ነገርና እውነታው

ስለ እንግሊዝ ያለን ስዕል ባብዛኛው ከፕሪሚየር ሊግ፣ ከንጉሳውያኑ ዜናና ከፊልም የመጣ ነው፣ ታሪክ ሲነሳ ደሞ መቅደላ ይጨመርበታል። ከዛ ተነስተን እንግሊዞች እንዲህ ናቸው ብለን እንጨርሰዋለን። ችግሩ እዚህ ስዕል ውስጥ የሚታየው ቤተመንግስቱ፣ መንግስቱና የለንደን ሀብታሙ ነው እንጂ ተራው ህዝብ አይደለም፣ ህዝቡ ግን ከኛው ጋር ራሱ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ አለው። ስለዚህ በተደጋጋሚ የሚባሉትን አንድ በአንድ ላንሳቸው፣ ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

"ሁሉም እንግሊዞች ናቸው፣ አንድ ህዝብ ነው"

አይደለም። አገሩ ዩናይትድ ኪንግደም ነው፣ ውስጡ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ አሉ። ኳስ የሚያይ ሰው ይሄን ቶሎ ይረዳዋል፣ ራያን ጊግስ ያን ሁሉ ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ ተጫውቶ አንድም የዓለም ዋንጫ ላይ ያልተሰለፈው ዌልሳዊ ስለሆነና በሱ ጊዜ ዌልስ ስላላለፈች ነው። የእንግሊዝ ኳስ ታላላቅ አሰልጣኞች ስንል የምንጠራቸው ማት በዝቢ፣ ቢል ሻንክሊና አሌክስ ፈርጉሰን ደሞ ሶስቱም ስኮትላንዳውያን ናቸው። ስኮትላንድ በ1707 ፓርላማዋን ከእንግሊዝ ጋር አዋሃደች እንጂ ህጓና ፍርድ ቤቷ እስከዛሬ ለብቻው ነው፣ 2014 ላይ እንገንጠል አንገንጠል ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ 45 ከመቶው እንገንጠል ብሏል። ሰሜን አየርላንድ ደሞ በ1998ቱ የሰላም ስምምነት መሰረት ሰው ከፈለገ ብሪታኒያዊ፣ ከፈለገ አየርላንዳዊ፣ ከፈለገም ሁለቱንም ነኝ ማለት ይችላል።

የዌልስ ግን ይለያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ ዌልስኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር፣ ሌላ የሚናገር ልጅ ሲገኝ እንጨቱ ወደሱ ይተላለፋል፣ በመጨረሻ እንጨቱ የተገኘበት ልጅ ይቀጣል። ያን ሁሉ አልፎ በ2021 ቆጠራ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ዌልስኛ እናገራለሁ ብሏል፣ የመንገድ ምልክቱም ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው። እዛ ሄዶ እንግሊዛዊ ነህ ብሎ መጠየቅ ሰውየውን ቅር ቢያሰኘው የሚገርም አይደለም።

"ለንደን ዓመቱን ሙሉ ዝናብና ጉም ነው"

ለንደን በዓመት የሚዘንበው ወደ 600 ሚሊሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከ1000 በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው፣ የኛ ክረምት ላይ ይወርድና ያበቃል፣ የነሱ ግን ካፊያ ካፊያ እያለ ዓመቱን ሙሉ ስለሚከፋፈል ሰማዩ ብዙ ጊዜ ደመና ነው። የምር ዝናብ የሚያወርደው ምዕራብ ስኮትላንድ ተራሮቹ ላይ ነው። ጉሙ ደሞ ያኔም የተፈጥሮ ብቻ አልነበረም፣ የድንጋይ ከሰል ጭስ ነበረበት፣ ታህሳስ 1952 ላይ ጭሱ ለንደንን ለአምስት ቀን አፍኗት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ፣ ከዛ በ1956 የንፁህ አየር ህግ ወጣ። አሁን እንደውም ሙቀቱ ነው የሚያሳስባቸው፣ ሐምሌ 2022 ላይ እንግሊዝ ውስጥ 40.3 ዲግሪ ደርሶ ነበር።

"ሻይ እንጂ ቡና አያውቁም"

ይሄ የቡና አገር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው። ሻይ ተራው ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት ለንደንን የያዛት ቡና ነበር። የመጀመሪያው ቡና ቤት በ1652 ነው የተከፈተው፣ ከዛ በኋላ ከተማው በቡና ቤት ተሞላ፣ ነጋዴው፣ መርከበኛው፣ ፀሀፊው እዛ ነበር የሚውለው፣ ዛሬ በኢንሹራንስ ዓለም የሚታወቀው ሎይድስ ራሱ የተጀመረው ኤድዋርድ ሎይድ የሚባል ሰው ቡና ቤት ውስጥ ነው። ወሬው ፖለቲካ ስለሆነና መንግስት ስለሚታማበት ንጉስ ቻርልስ ሁለተኛ በ1675 መጨረሻ ቡና ቤቶች ይዘጉ ብሎ አዋጅ አወጣ፣ ሰው ሲቆጣ ግን በቀናት ውስጥ አዋጁን መልሶ አነሳው። ሻይ የሁሉም ሰው የሆነው በደንብ ቆይቶ ነው፣ በተለይ በ1784 ቀረጡ ከመቶ ፐርሰንት በላይ ከነበረበት ወደ 12.5 ሲወርድ። ደሞ ያ በብር ማንቆርቆሪያና በትንንሽ ኬክ የሚቀርበው ሻይ የሆቴልና የቱሪስት ነገር ነው፣ ቤቱ ያለው ሰው ሻይውን ኩባያ ውስጥ ነክሮ፣ ወተት ጠብ አድርጎበት እየሰራ ነው የሚጠጣው።

"ንጉሱ ነው አገሩን የሚመራው፣ ህዝቡም ንጉስ አምላኪ ነው"

ፓርላማ ያፀደቀውን ህግ አልፈርምም ያለ የመጨረሻው ገዢ ንግስት አን ነች፣ ያውም በ1708። ዛሬ ንጉሱ ፓርላማ ሲከፍት የሚያነበው ንግግር ራሱ መንግስት የፃፈለት ነው። ንጉስ አምላኪ የሚለውም አያስኬድም፣ ፈረንሳዮች ንጉሳቸውን ከመግደላቸው ከ140 ዓመት በላይ ቀድመው በ1649 ቻርልስ አንደኛን ፍርድ ቤት አቁመው አንገቱን የቆረጡ ሰዎች ናቸው፣ እስከ 1660 ድረስም ያለ ንጉስ ኖረዋል።

"የእንግሊዝ ደጋፊ ሰካራምና ረባሽ ነው"

እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ይሄ አመለካከት ዝም ብሎ ስም ማጥፋት ብቻ ሆኖ የቀረ ሳይሆን ሰው የጎዳ ነው። በ70ዎቹና በ80ዎቹ ረብሻ ነበረ፣ አይካድም፣ በ1985 ብራስልስ ሄዝል ስታዲየም ላይ 39 ሰው ሞቶ የእንግሊዝ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ለዓመታት ታግደዋል። በዛ ዘመን ግን ደጋፊ ማለት ረባሽ ማለት ነው የሚለው ነገር በመንግስትም በፖሊስም በጋዜጣም ጭንቅላት ውስጥ ተተከለ፣ ሜዳውም ሰው እንደ ከብት በብረት አጥር የሚታጎርበት ሆነ።

ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሼፊልድ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍፃሜ። ውጪ ሰው ሲጨናነቅ ፖሊስ ራሱ ትልቁን በር አስከፈተ፣ መሀል ያሉት ክፍሎች ግን ቀድመው ሞልተው ነበር፣ ወደዛ የሚወስደውን መተላለፊያ ደሞ ማንም አልዘጋውም፣ ሰው አጥሩ ላይ ተጣብቆ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። በመጨረሻ የሟቾቹ ቁጥር 97 ደርሷል፣ ብዙዎቹ ወጣቶችና ህፃናት ናቸው። እዛው በሰዓቱ የፖሊሱ ሀላፊ በሩን የሰበሩት ደጋፊዎች ናቸው አለ፣ ውሸት ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ ደጋፊዎቹ የሞቱትን ሰዎች ኪስ ፈተሹ ብሎ ፊት ገፁ ላይ "እውነቱ" ብሎ አወጣው፣ አገሩም አመነ፣ ለምን ቢባል ደጋፊ ሰካራም ነው ተብሎ ቀድሞ ታምኗላ!

ቤተሰቦቹ 27 ዓመት ተከራከሩ። እናቶች ልጆቻቸውን ቀብረው ሳይጨርሱ የልጆቻቸውን ስም ለማፅዳት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተቱ። በ2012 ገለልተኛ ኮሚቴ ከ160 በላይ የፖሊስ የምስክርነት ቃሎች ተስተካክለው እንደነበር አወጣ፣ በ2016 ደሞ የዳኝነት ጉባኤው ሰዎቹ የሞቱት በህገወጥ መንገድ ተገድለው ነው፣ ደጋፊዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም ብሎ ወሰነ። ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ዛሬም ያንን ጋዜጣ የማይሸጥ ሱቅ ሞልቷል። የሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ 97 ቁጥር ስታዩ ይሄ ነው፣ እኛ ቅዳሜና እሁድ የምናየው ለሁሉም ወንበር ያለው ስታዲየምም የመጣው ከዛ አደጋ በኋላ በወጣው የምርመራ ሪፖርት ነው።

"እንግሊዝ ዘላለማዊ ጥቅም እንጂ ዘላለማዊ ወዳጅ የላትም፣ ህዝቡም ቀዝቃዛና ራሱን ብቻ የሚያውቅ ነው"

አባባሉ ሎርድ ፓልመርስተን በ1848 ፓርላማ ላይ ከተናገረው የመጣ ነው፣ የተናገረውም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ስለ መንግስት ፖሊሲ ነው። እኛ ግን ወስደን የህዝቡ ባህሪ አደረግነው።

የራሳችንን ታሪክ እንይ። ጣሊያን በ1935 ሲወረን የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ተስማምቶ ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሶ ለሙሶሊኒ ሊሰጥ ነበር። ታህሳስ ላይ ወሬው ፈረንሳይ ጋዜጦች ላይ ሾልኮ ሲወጣ የእንግሊዝ ህዝብ ተቆጣ፣ የፓርላማ አባላት ከመራጮቻቸው በሚመጣ የተቃውሞ ደብዳቤ ተጥለቀለቁ፣ ሆርም በቀናት ውስጥ ስልጣን ለቀቀ። እስቲ አስቡት፣ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ እንኳን በቅጡ የማያውቅ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ብሎ የገዛ ሚኒስትሩን አስወገደ። መንግስት በኋላ ማዕቀቡን አነሳ፣ 1938 ላይም የጣሊያንን ወረራ እውቅና ሰጠ፣ ይሄ እውነት ነው፣ የመንግስትና የህዝብ ልዩነት የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ለሴቶች ምርጫ ስትታገል በዛው መንግስት የታሰረች ሴት ነች፣ አዲስ አበባ በተያዘች ቀን፣ ግንቦት 5 ቀን 1936፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ ጀመረች፣ ሰው ቢሰለችም እሷ አልተወችውም፣ በ1956 አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፣ ቅድስት ስላሴ ነው የተቀበረችው።

መቅደላስ? መቅደላ ዘረፋ ነው፣ ማለስለሻ የለውም። ግን ያኔም ሁሉም አጨብጭቦ አልተቀበለም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ራሱ በ1871 ፓርላማ ላይ እቃዎቹ በመወሰዳቸው ማዘኑን ተናግሯል። ዛሬም ይመለስ የሚሉት እኛ ብቻ አይደለንም፣ የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክረስት ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከርለት ነበር፣ በ2019 የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ለንደን ካለ የጦር ሙዚየም ተመልሷል። እምቢ ያሉት ተቋማቱ ናቸው፣ ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦት ይዞ የ1963ቱ የሙዚየሙ ህግ እቃ መመለስ አይፈቅድልኝም ይላል፣ ቤተመንግስቱ ደሞ በ2023 የልዑል አለማየሁን አፅም አልመልስም ብሏል። ህጉን መቀየር የሚችለው ፓርላማው ነው፣ እዛ የምትኖሩ ሀበሾች ደሞ ለአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይ ደብዳቤ መፃፍ ትችላላችሁ፣ ሆርን ያወረደውም ይሄው ነው።