«በማሽን የተረጋገጠ ኮድ» ምንድን ነው?

«ኮዱ በቲዎረም ፕሩቨር (የሂሳብ ማረጋገጫን በሚመረምር ፕሮግራም) ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ባግ (ስህተት) የለበትም» የሚል አስተያየት ሰሞኑንም ብቅ ብሏል። ባግ ሊኖርበት ይችላል። የተረጋገጠው ኮዱ ስፔሲፊኬሽኑን (ባጭሩ ስፔኩን፣ ኮዱ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጸውን) ማሟላቱ ብቻ ነው፤ ስፔኩን የጻፈው ደግሞ ሰው ነው።

የሶርት ፋንክሽን ስፔክ «ውጤቱ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ ይሁን» ብቻ ቢል፣ ሁልጊዜ ባዶ ዝርዝር የሚመልስ ኮድ ያለምንም ችግር ያልፋል። ባዶ ዝርዝር የተደረደረ ነዋ! የቀረው ሐረግ «የገባው ሁሉ፣ በገባበት ብዛት፣ ይውጣ» የሚለው ነው፤ ዳፍኒ በተባለው፣ ማረጋገጫ አብሮት በሚሄድ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የገባውና የወጣው መልቲሴት (ድግግሞሽን የሚቆጥር ስብስብ) እኩል ነው ተብሎ ይጻፋል።

ፕሩቨሩን እንደ ዳኛ ውሰዱት። ባልቀረበለት ክስ ላይ አይፈርድም። ጠበቃው ታክቲክም (ማረጋገጫ የሚገነባ ትእዛዝ) ይሁን የቋንቋ ሞዴል፣ የፈለገውን ያህል ቢቀባጥር ግድ የለም፤ ሊንና ሮክ (ድሮ ኮክ) በተባሉት ፕሩቨሮች እያንዳንዱን እርምጃ የሚመረምረው ዳኛ ከርነል የተባለ ትንሽ የውስጥ ክፍል ነው። በዳፍኒ ግን ማስረጃ ፈላጊውም ፈራጁም ዚ3 የተባለው ሶልቨር ነው፤ ለጀማሪ የሚቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳትመረምሩ የምታምኑት የፕሩቨሩ ኮድ ግን ይበዛል።

ተከራካሪ ያመነው ነገር ደግሞ ማስረጃ አይጠየቅበትም። የሊን «ሶሪ»፣ የሮክ «አድሚትድ»፣ የዳፍኒ «አሱም» ይህንኑ ያደርጋሉ። የሌላ ሰው ማረጋገጫ ሲደርሳችሁ በሊን «ፕሪንት አክሲየምስ»፣ በሮክ «ፕሪንት አሳምፕሽንስ»፣ በዳፍኒ «ኦዲት» የሚሉትን፣ ያለ ማስረጃ የታመነውን የሚዘረዝሩትን ትእዛዞች አስኪዱ። በስፔኩ የተጻፉት የፋንክሽኑ ቅድመ ሁኔታዎች እርስ በርስ ከተጣረሱም ማንኛውም ነገር ይረጋገጣል፤ በፋንክሽኑ መጀመሪያ ላይ «አሰርት ፎልስ» (ሐሰቱ እውነት ነው እንደ ማለት) ጽፋችሁ ካለፈ፣ ስፔኩን ጣሉት።

ከሁሉ የሚያናድደው የቁጥር ጉዳይ ነው። የዳፍኒ «ኢንት» (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ወሰን የለውም፤ የጃቫው ግን 32 ቢት ነውና ከ2147483647 አያልፍም። በባይነሪ ሰርች (የተደረደረ ዝርዝርን እየከፈሉ በመፈለግ) መሃሉን ለማግኘት ታችና ላይን ደምሮ ለ2 ማካፈል በሂሳብ ትክክል ነው፤ በጃቫ ግን ድምሩ ሲያልፍ ወደ አሉታዊ ይገለበጣል። ይህ ስህተት በራሱ በጃቫ ላይብረሪ ውስጥ 9 ዓመት ያህል ተቀምጦ በ2006 ነው በይፋ የተጻፈው። መፍትሔው ልዩነቱን ለ2 አካፍሎ ታችኛው ላይ መደመር ነው። በስፔኩ ውስጥ 32 ቢት ያለው የቁጥር ዓይነት ብታውጁ ኖሮ ፕሩቨሩ ራሱ እምቢ ይላችሁ ነበር።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው፦ በ2011 በወጣ ጥናት የሲ ኮምፓይለሮች (የሲ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች) በዘፈቀደ በተፈጠሩ ፕሮግራሞች ተፈትነው ነበር። ኮምፕሰርት በተባለው፣ በሮክ በተረጋገጠው ኮምፓይለር ላይም ባግ ተገኝቷል፤ ግን ማረጋገጫው ባልሸፈነው ክፍል። ሌሎቹ ሁሉ የታየባቸው የመካከለኛው ክፍል (ኮዱን የሚያሻሽለው) ስህተት እሱ ላይ አልተገኘም። ስለዚህ ቴስታችሁን አትጣሉ፤ ማረጋገጫው ወደማይደርስበት፣ ወደ ፓርሰሩ (የገባውን ጽሑፍ ወደሚተነትነው ክፍል)፣ ወደ ፋይል ንባቡ፣ ከውጭ ላይብረሪ ጋር ወደሚገናኘው ኮድ አዙሩት።