የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

መስማት የተሳነው ተማሪ ከሚሰሙ ልጆች ጋር ሲማር፣ ክፍሉ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ የሚያደርስለት ሰው ያስፈልገዋል። አስተርጓሚው መምህሩ የሚናገረውን በምልክት ቋንቋ ያቀርባል፣ ተማሪው በምልክት የሚለውን ደግሞ በድምፅ ያሰማል። ትምህርቱን ብቻ አይደለም። ከኋላ ወንበር የተወረወረውን ቀልድ፣ የደወሉን ድምፅ፣ የመምህሩን ቁጣ ጭምር ያደርሳል። ሌላው ሲስቅ ለምን እንደሚስቅ ሳይገባው ፈገግ ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ክፍል ውስጥ አለ ለማለት ይከብዳል።

ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። ፊት፣ ቅንድብና የሰውነት አቅጣጫ ከእጅ እኩል ይናገራሉ፤ ስለዚህ የመምህሩን ቃል እየተከተሉ አንድ በአንድ መደርደር አያዋጣም። አስተርጓሚው ሐሳቡን እስኪጨብጥ ጥቂት ሰከንዶች ወደኋላ ይቀራል። ይህ ግድ ነው። ችግሩ መምህሩ ጠይቆ ወዲያው «ማን ይመልሳል?» ሲል ነው፤ ጥያቄው መስማት ለተሳናት ተማሪ ሲደርሳት ሌላው እጁን አውጥቶ፣ መልሶ፣ ተጨብጭቦለት ቁጭ ብሏል። መልሱን ታውቀው ነበር እኮ! መምህሩ ትንሽ ቢታገስ ይፈታል።

ሰሌዳው ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የሒሳብ መምህር ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ እየጻፈ «ይሄ ወደዚህ ሲሻገር ይቀነሳል፣ ከዚያ ይሄኛውን በዚህ እናካፍላለን» ይላል። የሚሰማው ልጅ ዓይኑ ሰሌዳ ላይ፣ ጆሮው መምህሩ ላይ ነው። መስማት የተሳነው ግን ሁለቱንም የሚያደርገው በዓይኑ ነው። አስተርጓሚውን ሲያይ የትኛው «ይሄ» እንደሆነ ያመልጠዋል፣ ሰሌዳውን ሲያይ ንግግሩ ያልፈዋል፣ አጎንብሶ ልጻፍ ካለ ሁለቱንም ያጣል። መፍትሔው ብር አይጠይቅም፦ መምህሩ ጽፎ ይጨርስ፣ ዞር ይበል፣ ከዚያ ያስረዳ፤ «ይሄ» ከማለትም የቁጥሩን ስም ይጥራ። አስተርጓሚው ከሰሌዳው አጠገብ ቢቆም ዓይን ብዙ አይንከራተትም። መስኮት ጀርባው ካለ ግን ብርሃኑ ፊቱን ያጨልመዋል። ልብሱም ከእጁ ቀለም የሚለይና ዝንጉርጉር ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል።

አዳዲስ ቃላት ሌላ ፈተና ናቸው። «ፎቶሲንተሲስ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ አስተርጓሚው በጣት ፊደል፣ ማለትም እያንዳንዱን ፊደል በእጅ ቅርጽ እያሳየ፣ ይጽፈዋል፣ ከዚያ የተለመደ ምልክት ካለው በዚያ ይቀጥላል፣ ከሌለው ከተማሪው ጋር ለጊዜው የሚግባቡበትን ይስማማሉ። የትምህርቱ ዝግጅት ቀድሞ ካልተሰጠው ይህን ሁሉ መምህሩ እየተናገረ ማሰብ አለበት። ድካሙም ቀላል አይደለም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያለማቋረጥ ከተሠራ በኋላ ስህተት ይበዛል፤ ለዚህ ነው ረጅም ክፍለ ጊዜ ላይ ሁለት አስተርጓሚዎች እየተቀያየሩ የሚሠሩት።

አስተርጓሚ መምህር አይደለም። መልስ አይጠቁምም፣ ዲሲፕሊን አያስከብርም፣ ያየውንና የሰማውን ውጭ አያወራም። መምህሩም «እንዲህ ብለህ ንገረው» ማለቱን ትቶ ልጁን እያየ በቀጥታ ሊያናግረው ይገባል። ትንንሽ ልጆች ጋ ይህ ድንበር መደበላለቁ አይቀርም፤ ቢሆንም የትምህርቱ ኃላፊነት አስተርጓሚው ላይ ሲወድቅ ልጁ መምህሩን ያጣል።

እዚህ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያን ውስጥ ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪዎች ንግግር ከምልክት ይበልጣል ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ምልክት ቋንቋ ለአሥርት ዓመታት ከክፍል ተገፋ። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ስቶኪ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ስለ ምልክት ቋንቋ ትምህርትም ስለ ባለሙያ አስተርጓሚዎችም ይናገራል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የትምህርት ቤት አስተርጓሚዎች ከ0 እስከ 5 በሚሰጥ የብቃት ፈተና ይመዘናሉ። እንዲህ ያለ ምዘና በሌለበት ማንም ትንሽ ምልክት የሚያውቅ ሰው ክፍል ይገባል፣ ልጁም የጎደለውን ነገር ሊያውቅ ስለማይችል አቤት አይልም።

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት አስተርጓሚ ከተቀጠረ ሁሉ አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ሲመጡ ምልክት ቋንቋም ገና የላቸውም። ቋንቋ ለሌለው ልጅ ምን ይተረጎምለታል? በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚያስፈልገው ራሱ በምልክት የሚያስተምር መምህር፣ እንደሱ መስማት የተሳናቸው ጓደኞችና አዋቂዎች ናቸው። አስተርጓሚ ይበልጥ የሚጠቅመው ቋንቋውን አጥርቶ ለያዘ፣ ከፍ ባለ ክፍልና ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ተማሪ ነው፤ እዚያም ማስታወሻ የሚይዝለት ሰው ሊጨመርለት ይገባል።