«ሌጋሲ ሂሮ» ምንድን ነው? የጀግና ልጅ ሁሉ ወራሽ አይደለም

«ማይልስ ሞራለስ የፒተር ፓርከር ልጅ ስላልሆነ ሌጋሲ ሂሮ አይባልም፤ እውነተኛው ሌጋሲ ዴሚየን ዌይን ነው» ብሎ ድርቅ ያለ ሰው ገጠመኝ። (በኮሚክ ዓለም ፒተርም ማይልስም ስፓይደርማን የሆኑ ናቸው፤ ዴሚየን ደግሞ የባትማን፣ የብሩስ ዌይን ልጅ ነው።) ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፤ አሁንስ በዛ።

ሌጋሲ ሂሮ የሌላ ጀግናን ስም ተረክቦ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ነው። በቃ። የደም ጉዳይ አይደለም።

እንደ ሱቅ አስቡት። ልጅየው የአባቱን ቤትና መኪና ወርሶ ሱቁን ቢዘጋው፣ ወራሽ ነው እንጂ ባለሱቅ አይደለም። እዚያው ያደገው ሠራተኛ በነጋታው በሩን ከከፈተ ግን፣ ታፔላው ሳይወርድ ሱቁ ቀጠለ። ደንበኛውም የዱቤ ደብተሩም የእሱ ነው። ሟቹ ያለበት ዕዳም እንደዚያው። በኮሚክ ዓለም ዕዳ ማለት ጠላት ነው፤ ከፋዩ ደግሞ ታፔላውን የያዘው ነው።

በፍጥነቱ የሚታወቀውን ጀግና ፍላሽን እንውሰድ። ጄይ ጋሪክ በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀመረ፣ ባሪ አለን በ1956 መጣ። ዝምድና የላቸውም። እንዲያውም ባሪ ስሙን ያገኘው ከሚያነበው የጄይ ኮሚክ ነው! ባሪ በ1985 ሲሞት ስሙን የተረከበው ዋሊ ዌስት፣ የባሪ ሚስት የወንድሟ ልጅ ነው። ማይልስም በ2011 ብቅ ያለው የራሱ ዩኒቨርስ (ከዋናው ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ የኮሚክ ዓለም) ፒተር ከሞተ በኋላ ነው። (የትኛው ዩኒቨርስ እንደሆነ ሳይጠይቁ መከራከር ሌላው በሽታ ነው።)

ዴሚየንስ? የብሩስ ዌይንና የታሊያ አል ጉል ልጅ ነው፤ በደም ከሄድን ማንም አይቀድመውም። ግን በ2009 ብሩስ ሞቷል ተብሎ ሲታመን የባትማንን ካባ የለበሰው የመጀመሪያው ረዳቱ ዲክ ግሬይሰን ነው። የሰርከስ ልጅ! ዴሚየን አጠገቡ ሮቢን (የባትማን ረዳት) ሆኖ ቆመ። ወንድሜ፣ ይህን እንዴት ዘለልከው?

ልጅ ሆኖ በእውነት የተረከበ ካስፈለገ ጃክ ናይት አለ፣ በ1994 የጀመረው ስታርማን። አባቱ ቴድ የመጀመሪያው ስታርማን ነበር። ስሙን ቀድሞ የወሰደው ወንድሙ ዴቪድ ብዙም ሳይቆይ በጥይት ተገደለ። ጃክ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ በጀግንነት ነገር ያሾፍ ነበር። በመጨረሻ እሺ ያለው ከአባቱ ጋር በገባው ውል ነው፦ እኔ ስታርማን እሆናለሁ፣ አንተ ደግሞ የኮስሚክ (የከዋክብት) ኃይሉን ለሰላማዊ አገልግሎት የሚውልበትን መንገድ ትመራመራለህ። የአባቱን ልብስም አልለበሰም፤ የቆዳ ጃኬትና መነጽር በቃው። እኔ ለአባት የሚመጥን ልጅ የምለው እንዲህ የሚደራደረውን ነው።

እዚህ ላይ የአሳታሚዎቹን ገበያ ካላነሳሁ አያስችለኝም። የኮሚክ አባት ጡረታ አይወጣም፤ ስሙ ይሸጣላ! ባሪ በ2008 ከሞት ተመለሰ። የሱፐርማን ልጅ ጆን ኬንት በ2021 የአባቱን ስም ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ አባትየው ከሄደበት ፕላኔት መጣና ሁለት ሱፐርማን ሆኑ። ከአባት ወደ ልጅ በመተላለፍ የሚታወቀው የጋዜጣ ኮሚክ ጀግና ፋንተም እንኳ በ1936 ሲጀምር 21ኛው ነበር፣ በጋዜጣ ዛሬም 21ኛው ነው። በ1979 የተወለዱት መንታ ልጆቹ ኪትና ሄሎይዝ እስካሁን ተራቸውን እየጠበቁ ነው።