«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል

ደሴ ሰኞ ገበያ ሎሚ ልትገዙ ሄዳችሁ፣ ሻጯ ያለ ፌስታል ሃምሳ ሎሚ እጃችሁ ላይ ከመረችባችሁ እንበል። ክብደቱ ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ሎሚ ይንከባለላል። የወደቀውን አንዱን ለማንሳት ጎንበስ ስትሉ ሌላ ሦስት ይወድቃል። ሰው ሰላም ማለት እንኳን ያቅታል። ሃምሳ ሰው አንዳንድ ቢያነሳ ግን ሁሉም እያሸተተ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ጌጡ» መባሉም በከንቱ አይደለም። በጥምቀት ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ሎሚ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ዛሬም ሎሚ ይዞ ነው የሚሳፈረው። አንድ ሎሚ በእጅ ሲያዝ ያምራል።

ተረቱን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው መዋጮ ሲጠየቅ ነው። «ተጋግዘን እንሸከመው» ለማለት። ልክ ነው፤ ግን ይህ የተረቱ ግማሽ ነው። ሃምሳ ሰው የአንዱን ሀብታም ሎሚ ተሸክሞ ቤቱ ቢያደርስለት ያ የኩሊ ሥራ ነው። ጌጥ የሚሆነው ሎሚው የያዢው ሲሆን ነው። እኔ ተረቱን የምሰማው ስለ ድርሻ ሲናገር ነው።

ወሎ ይህን በመራራ መንገድ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ ያጠናው የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ያየው ነገር ሁሌም ያመኛል። በአገር ደረጃ ምርቱ እንደዚያ ሰው የሚጨርስ ያህል አልወረደም ነበር። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም። ገበሬው ግን ሰብሉ ጠፍቶበት፣ ከብቱ አልቆበት፣ መግዣ አልነበረውም። ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣም ነበር። ሰው በመንገዱ ዳር እየወደቀ።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙን እወደዋለሁ። ግን ግብር ሰጪው ሲፈቅድ የሚበላ ነው። ጉርሻና ድርሻ ይለያያሉ።

በእኛ ዘመን ለተረቱ በጣም የሚቀርበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ይመስለኛል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዷ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ ያልታመመው ለታመመው ይተርፋል፤ ምንም ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። አንድን ሰው በሬውን የሚያሸጠው የሕክምና ወጪ ለብዙ ቤት ሲከፋፈል ይቀላል። ሐሳቡ ሎሚው ራሱ ነው። ያም ሆኖ አክስቴን ይዤ የሄድኩ ዕለት ካርድ ወጣ፣ ሐኪሙ አየ፣ መድኃኒቱ ግን «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን። መዋጮዋን ሳታጓድል የከፈለች ሴት ናት። ሸክሙ ደርሷታል። ጌጡ ግን አልደረሳትም። እሷ ምንም አላለችም፤ እኔን ግን አንጀቴን በላኝ።

ተረቱ በትክክል የገባኝ በቅሬያችን፣ ማለትም በእድራችን፣ ስብሰባ ላይ ነው። ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ወንበር ይሠራ ተባለና መዋጮ ተነሳ። አንዱ ተነስቶ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» ብሎ ጀመረ። ሁሉም እኩል ይክፈል ተባለ። ብዙው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ እኩል ሲባል ፍትሕ ይመስላላ። ጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ልጆቼ፣ እኔ ጋ ያለው ሎሚ አንድ ነው። ባለ ፎቁ ጋ አርባ አለ። እሱም አንድ፣ እኔም አንድ ካወጣን ምኑን ተካፈልነው? እኔ ባዶ እጄን፣ እሱ ከነሸክሙ።»

ቤቱ ፀጥ አለ። ቀጥሎ የተነሳው ባለ ፎቁ ራሱ ነው። «እትዬ፣ አብሽሩ። እውነትዎን ነው። የኔን አስር አርጉት» አለ። እንደየአቅሙ ይሁን ተባለና መዝገቡ እንደገና ተገለጠ። ሰብሳቢው እሳቸውን አልፎ ወደሚቀጥለው ስም ሊሄድ ሲል እጃቸውን አነሱ።

«የኔንም አንዷን ጻፍ» አሉት።