ያልተለመደ ቀለም ያላቸው የዱር ተርኪዎች

የዱር ተርኪ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በሰሜን ሜክሲኮና በደቡብ ካናዳ ደኖችና የእርሻ ዳርቻዎች የሚኖር ትልቅ ወፍ ነው፤ ቀን መሬት ላይ እየለቀመ ይውልና ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። ላባው ከሩቅ ጥቁር ቡናማ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንደ ብርሃኑ አቅጣጫ የነሐስ፣ የመዳብ፣ የአረንጓዴና የወርቅ ቀለም ያንጸባርቃል። ከዚህ መልክ የወጡ፣ ማለትም አመድማ፣ ቀይ፣ ድፍን ጥቁር ወይም ንጹሕ ነጭ የሆኑ ወፎች አልፎ አልፎ በመንጋው መካከል ይታያሉ። በጸደይ ወራት ጎሕ ሳይቀድ ጫካ ገብተው የወንዱን ጥሪ የሚጠባበቁ አዳኞች ከሌላው ሰው ይልቅ ስለሚያጋጥሟቸው፣ ስለ እነዚህ ወፎች የሚታወቀው ብዙ ነገር የመጣው ከአዳኞች ምልከታ ነው።

አንድ ወፍ ብርቅ ነው ከማለት በፊት የተለመደውን ልዩነት ማወቅ ያሻል። የዱር ተርኪ ንዑስ ዝርያዎች በላባቸው በመጠኑ ይለያያሉ። በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል የሚኖረው የጅራቱ ጫፍ ቡናማ ሲሆን፣ በምዕራብ ተራሮች የሚገኘው ሜሪያም የጅራት ጫፉ ወደ ነጭ ያደላል፤ በቴክሳስና በአካባቢው የሚኖረው ሪዮ ግራንዴ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ገለባማ ቀለም አለው። የፍሎሪዳው ኦሲዮላ በክንፉ ላይ ያሉት ነጭ መስመሮች ቀጭን በመሆናቸው ከሌሎቹ ጠቆር ብሎ ይታያል። ስለዚህ በፍሎሪዳ የታየ ጠቆር ያለ ወፍም ሆነ በኮሎራዶ የታየ ጅራተ ነጭ ወፍ ጤናማና የተለመደ የአካባቢው ነዋሪ እንጂ ያልተለመደ ቀለም ያለው ወፍ አይደለም።

የላባ ቀለም በዋናነት የሚመነጨው ሜላኒን ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። አንዱ ዓይነቱ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ፣ ሌላው ደግሞ ቀላና ቢጫማ ቀለም ይሰጣል። የነሐሱ ነጸብራቅ ግን ከቀለሙ ብቻ ሳይሆን ሜላኒኑ በላባው ውስጥ ከተደረደረበት ስልት የሚገኝ ነው። ያልተለመደው ቀለም የሚከሰተው በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ሜላኒኑን ሲቀንሰው፣ ሲያበዛው፣ የሁለቱን ዓይነቶች ሚዛን ሲያዛባው ወይም ጨርሶ ሲያጠፋው ነው።

ከሁሉም በብዛት የሚታየው አሜሪካውያን አዳኞች የጢስ ቀለም የሚሉት አመድማው ነው። ይህ ወፍ ከሩቅ ነጭ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ አልቢኖ፣ ማለትም ሜላኒን ጨርሶ የሌለው፣ ይባላል፤ ስሙ ግን አይገባውም። የአንዱን የደረት ላባ በእጁ ይዞ የሚያይ ሰው መደቡ ነጭ ወይም ፈዛዛ አመድማ ሆኖ ጫፉ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርዝ ያገኛል፤ ጠርዞቹ በአካሉ ላይ ሲደራረቡ በሐበሻ ዶሮ ላይ ገብስማ የምንለውን ዓይነት መልክ ይፈጥራሉ። በክንፉ ላይ ያሉት መስመሮች ቢደበዝዙም አይጠፉም፤ ዓይኑም እንደማንኛውም ተርኪ ጥቁር ቡናማ ነው። የወንዱ ራስም እንደ ስሜቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ እየሆነ ይለዋወጣል፤ ይህ ቀለም የሚመጣው ከደም ሥሮችና ከቆዳው አሠራር ስለሆነ የላባው መንጣት አይነካውም።

አመድማ ወፎች ሲታዩ አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን አዳኞች ደጋግመው ይናገራሉ፤ ለዚህም አጥጋቢ የሚመስል ማብራሪያ አለ። በወፎች ዘንድ ወንዱ ሁለት ተመሳሳይ የጾታ ክሮሞዞሞች (ዘረ መሎችን የሚሸከሙ አካላት) ሲኖሩት፣ ሴቷ ከዚያው ዓይነት ያላት አንድ ብቻ ነው። ለምሳሌ ናራጋንሴት በተባለው የቤት ተርኪ ላይ አመድማውን መልክ የሚሰጠው ዘረ መል የሚገኘው በዚሁ ክሮሞዞም ላይ ሲሆን ድብቅም ነው፤ ስለዚህ ሴቷ አንድ ቅጂ ብቻ ብትወርስ ቀለሙ ይታይባታል፣ ወንዱ ግን ከሁለቱም ወላጆቹ ካልወረሰው በቀር መደበኛ መልክ ይዞ ያድጋል። ዘረ መሉን በድብቅ የሚሸከም ወንድ ከመደበኛ ሴት ጋር ቢራባ ከሴት ጫጩቶቹ በአማካይ ግማሾቹ አመድማ ይሆናሉ። በዱር ተርኪም አሠራሩ ይኸው ከሆነ፣ በአንድ ሰፈር ለዓመታት ሳይታይ ቆይቶ በአንድ ወቅት ሁለት ሦስት አመድማ ሴቶች አብረው ብቅ ቢሉ የሚያስገርም አይሆንም።

ቀዩ ወፍ እጅግ ብርቅ ነው። የነሐሱ ጥቁረት ጠፍቶ አካሉ የዝገት ወይም የቀይ አፈር ቀለም ይይዛል፣ ክንፉና ጅራቱም ይነጣሉ። ጥቁሩ ደግሞ ሜላኒኑ ከመጠን በላይ የበዛበት ነው፤ በክንፉ ዋና ላባዎች ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ነጭ መስመሮች ጠፍተው ወይም በጣም ደብዝዘው ይገኛሉ። እውነተኛው አልቢኖ ምንም ሜላኒን የለውም፤ ላባው ንጹሕ ነጭ፣ ዓይኑም የደም ሥሩ ስለሚያሳይ ሮዝማ ነው። ላባው ነጥቶ ዓይኑ ጥቁር የሆነ ወፍ ግን የሜላኒን ጉድለት ያለበት እንጂ አልቢኖ አይደለም። ለእነዚህ ነጫጭ ወፎች ሕይወት ቀላል አይደለችም። አልቢኖውን ብርሃን ያስቸግረዋል፣ እይታውም ደካማ ነው፤ ሜላኒን የሌለው ላባም ቶሎ ይሰባበራል። በዚያ ላይ የተርኪ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ ዛፍ ላይ መውጣት ስለማይችል መሬት ላይ ያድራል፤ ነጭ ጫጩት ደግሞ ኮዮቴ ለተባለው ቀበሮ መሰል አውሬም ለጉጉትም በቀላሉ ይታያል።

ለአንድ ያልተለመደ ወፍ መነሻው ዱር ነው ወይስ የቤት ርቢ የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሣል፣ መነሣቱም ተገቢ ነው። የቤት ተርኪ የተገኘው በሜክሲኮ ከለመደው የዱር ተርኪ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናውያን ወደ አውሮፓ ወሰዱት፣ በኋላም ሰፋሪዎች መልሰው ወደ ሰሜን አሜሪካ አመጡት። በዚህ ሂደት አርቢዎች ጥቁሩን፣ ነጩንና ቡርቦን የተባለውን ቀይ እየመረጡ አራብተዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዱር ተርኪ በአደንና በደን ጭፍጨፋ ሊጠፋ በተቃረበ ጊዜ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች በርቢ ያደጉ ወፎችን ጫካ ለቀቁ፤ ከአጥር ውጭ መኖር የማያውቁት ወፎች በአብዛኛው አለቁ። ሥራው የተሳካው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመድፍ በሚወረወር መረብ እውነተኛ የዱር ወፎችን ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ በማዛወር ነው። ከእርሻ ያመለጡ ተርኪዎች ዛሬም ከዱሮቹ ጋር ሊራቡ ይችላሉ። ስለዚህ ወፉ ያልተለመደ ቀለም ብቻ ሳይሆን አጭር እግርና ወፍራም አካል ካለው፣ ሰውም ካልሸሸ፣ የቤት ደም አለበት ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ቀጭን፣ ረጅም እግርና ንቁ ሆኖ ከመንጋው ጋር የሚሸሸው ግን የዱር የመሆኑ ዕድል የሰፋ ነው።

በአደን ሕግ ረገድ የጸደይ አደን በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚፈቀደው በጾታ ወይም በደረት ላይ በሚንጠለጠለው ጺም ተለይቶ እንጂ በላባ ቀለም አይደለም። ጥቂት ሴቶችም ጺም ስለሚያበቅሉ፣ ጺም ያለውን ወፍ ሁሉ በሚፈቅድ ግዛት ጺም ያላት አመድማ ሴትም ልትታደን ትችላለች። አንዳንዱ አዳኝ እንዲህ ያለውን ወፍ ገድሎ አስደርቆ ቤቱ ያቆመዋል፣ ሌላው ደግሞ አይቶ ያሳልፈዋል። ሁለተኛው ምርጫ ሌላውም ሰው ወፉን እንዲያይ ዕድል ስለሚሰጥ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ሆኖም አንድ አመድማ ወፍ መገደሉ ቀለሙን ከአካባቢው አያጠፋውም፤ ዘረ መሉን መደበኛ የነሐስ ላባ ለብሰው የሚሸከሙት ወፎች እዚያው መንጋ ውስጥ ይቀራሉና።